ቀለሙን ለኤክሴል ተዉለት፦ በቅሬ መዝገብ የተሠራ መመሪያ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለትንንሽ ሱቆች ሒሳብ እይዛለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ከወሎ ውጭ ላላችሁ፣ እድር ማለቴ ነው። ሁለቱም ቦታ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ሰው ኤክሴል ይከፍታል፣ ስም ይደረድራል፣ ከዚያ በእጁ ቀለም ይቀባል። የከፈለውን አረንጓዴ፣ ያልከፈለውን ቀይ። በሳምንቱ ያልከፈለው ሰው መጥቶ ይከፍላል። ቁጥሩ ይስተካከላል፣ ቀዩ ግን እዚያው ይቀራል። እሱን ማጥፋት ማን ያስታውሳል?

ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ የተሠራው ለዚህ ነው። እናንተ ቀለም አትቀቡም። «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርገህ ቀባ» ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ይቀባል። ቁጥሩ ሲቀየር ቀለሙም በራሱ ይቀየራል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ፎርሙላዎቹን (ለኤክሴል የምንሰጠውን የስሌት ትእዛዝ) የምጽፈው በእኛው ፊደል፣ በአጠራራቸው ነው። ኤክሴል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው። እኔ «=ቱዴይ()» ስል እናንተ በእንግሊዝኛው ታስገቡታላችሁ። የዓምዶቹ ስምም እንደዚሁ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያልኩ እሄዳለሁ። በጥቅስ ውስጥ ያለ የአማርኛ ቃል ብቻ በአማርኛ ይጻፋል። ለእህቴ በስልክ የማስረዳት ያህል ነው። አብሽሩ፣ ይገባችኋል።

ከቀላሉ እንነሳ

የአንድ ሱቅ ዕቃ ዝርዝር አለን እንበል። ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሳሙና። ሲ ዓምድ ላይ የቀረው ብዛት አለ። ከ10 በታች የወረደው ሁሉ ዓይን ውስጥ እንዲገባ ነው የምንፈልገው።

ከሲ2 (ሲ ዓምድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ክፍል፣ ሴል የሚባለው) እስከ ሲ100 ምረጡ። ሆም በሚለው ታብ ላይ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ የሚል ቁልፍ አለ። ስትጫኑት ሜኑ ይወርዳል። የመጀመሪያው ሃይላይት ሴልስ ሩልስ ነው። ከውስጡ ሌስ ዛን የሚለውን ክሊክ አድርጉ። 10 ጻፉ፣ ከጎኑ ቀለም ምረጡ፣ ኦኬ በሉ። አለቀ።

ጉግል ሺትስ የምትጠቀሙ ከሆነ ፎርማት በሚለው ሜኑ ውስጥ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ አለ። በቀኝ በኩል ሳጥን ይከፈታል። ከላይ የትኛው ሬንጅ (የተመረጡት ሴሎች ስብስብ) እንደሆነ፣ ቀጥሎ ሁኔታውን፣ ከታች ቀለሙን ትሞላላችሁ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደስ ብሎት ያቆማል። ግን ወረድ ብላችሁ እዩ። ዝርዝሩ 40 ላይ ቢያልቅ ኤክሴል ከ41 እስከ 100 ያለውን ባዶ ሴል ሁሉ ቀብቶታል። ባዶውን እንደ ዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ ዜሮ ደግሞ ከ10 ያንሳል። ሁለተኛም አለ። አንዱ ሴል ላይ ባለሱቁ «የለም» ብሎ ጽፎ ከሆነ ያ ሴል አይቀላም። ለኤክሴል ጽሑፍ ከየትኛውም ቁጥር ይበልጣል። በጣም መታየት የነበረበት ዕቃ ተደብቆ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ለሱቅ ደንበኞቼ ሁሌም የምለው፣ ከሌለ 0 ጻፉ፤ «የለም»፣ «አልቋል»፣ ሰረዝ፣ ምናምን አትጻፉ።

ቁጥር መስሎ ጽሑፍ የሆነም አለ። ከሌላ ቦታ ኮፒ ሲደረግ እንዲህ ይሆናል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ሰው ካልነካው በቀር ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ግራ የያዘ ቁጥር ካያችሁ ቀለሙን ከማመናችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ።

የቅሬው መዝገብ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። የቅሬ መዋጮ በየወሩ ይከፈላል። ግን ሁሉም በወሩ አይከፍልም። አንዱ የሦስት ወር ባንዴ ይሰጣል፣ አንዱ ከገበያ ሲመለስ ይሰጣል፣ አንዱ ልጁ ከአረብ አገር እስኪልክ ይጠብቃል። ጸሐፊው ማወቅ ያለበት ማን ምን ያህል እንደቆየ ነው።

መዝገቡን እንዲህ አድርጉት። ኤ የአባል ቁጥር፣ ቢ ስም፣ ሲ ስልክ። ከዚያ የመጨረሻው ክፍያ ቀን በሦስት ዓምድ ይከፈላል፤ ዲ ቀን፣ ኢ ወር፣ ኤፍ ዓመት። ጂ እና ኤች ፎርሙላ ይሆናሉ።

ቀኑን ለምን በሦስት ከፈልኩት? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኢንተርኔቱ ቪዲዮ ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነው።

ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። የእኛን ቀን እንዳለ ብትጽፉለት በራሱ ይተረጉመዋል። ላፕቶፑ ቀንን አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ 30/6/2017 ብላችሁ የካቲት 30ን ስትጽፉ እሱ ጁን 30 ቀን 2017 ብሎ ይይዘዋል። ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ! ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንማ ተዉት፤ 13ኛ ወር ሰምቶ አያውቅም። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ የተሳሳተ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። እዚያ ላይ የምትጥሉት የቀለም ሕግ ሁሉ ውሸት ነው።

መፍትሔው ቀኑን ወደ ኤክሴል ቁጥር መቀየር ነው። ኤክሴል ቀን የሚለው ነገር ውስጡ ተራ ቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ ይጀምርና በየቀኑ አንድ ይጨምራል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ለስሌት የተመቸ ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ጭማሪ። ስለዚህ ጂ2 ላይ ይሄን ጻፉ፦

=ኢፍ(ኤፍ2="","",365*ኤፍ2+ኢንት(ኤፍ2/4)+30*ኢ2+ዲ2-691194)

ዓመቱን በ365 አባዝቶ፣ የሠግር ዓመቶቹን ቀን ደምሮ፣ ወሩን በ30 አባዝቶ፣ ቀኑን ጨምሮ፣ ከዚያ ሁለቱ አቆጣጠሮች መነሻቸው የሚራራቁበትን ይቀንሳል። ትክክል መሆኑን ራሳችሁ ፈትሹ። ዲ2 ላይ 1፣ ኢ2 ላይ 1፣ ኤፍ2 ላይ 2017 አስገቡ። 45546 መምጣት አለበት። ሴሉን በቀን ፎርማት ስታዩት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ይላል፤ የ2017 ዕንቁጣጣሽ ማለት ነው። የዚያን ዓመት ገና፣ 29፣ 4፣ 2017 ብላችሁ ብታስገቡ 45664 ይላችኋል፤ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025። ስድስት ቀን ያላት የ2015 ጳጉሜንም አታስቸግረውም። ጉግል ሺትስ ላይም ያው ፎርሙላ ይሠራል።

አሁን ኤች2 ላይ ከከፈሉ ስንት ቀን እንዳለፈ፦

=ኢፍ(ጂ2="","",ቱዴይ()-ጂ2)

ውጤቱ ቀን መስሎ ከመጣ አትደንግጡ። ፎርማቱን ወደ ነምበር ቀይሩት። ላፕቶፓችሁ ሰዓትና ቀኑ የተዛባ ከሆነ ግን ቱዴይም አብሮ ይዛባል። ባትሪው የሞተ አሮጌ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን አረጋግጡ። ሁለቱንም ፎርሙላ እስከ 300ኛው ረድፍ ጎትታችሁ አውርዷቸው።

ሙሉ ረድፉን መቀባት

እዚህ ላይ ሃይላይት ሴልስ ሩልስ አይበቃም። እሱ የሚቀባው ቁጥሩ ያለበትን ሴል ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው ስሙም፣ ስልኩም፣ ረድፉ በሙሉ እንዲቀባ ነው።

ከኤ2 ጀምራችሁ እስከ ኤች300 ምረጡ። ከኤ2 ጀምሩ ያልኩት ለቁም ነገር ነው፤ ፎርሙላው የሚጻፈው ለመጀመሪያው ረድፍ ነው። ርዕሱን ጨምራችሁ ከኤ1 ከመረጣችሁ ቀለሙ ሁሉ በአንድ ረድፍ ይንሸራተታል። አበበ ሳይከፍል ፋጡማ ትቀላለች።

ቀጥሎ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ኒው ሩል። ከዝርዝሩ የመጨረሻውን፣ ዩዝ ኤ ፎርሙላ የሚለውን ምረጡ። ሳጥኑ ውስጥ፦

=ኤንድ(ኢዝነምበር($ኤች2),$ኤች2>60)

ፎርማት የሚለውን ተጭናችሁ ፊል ውስጥ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ምረጡ። ጉግል ሺትስ ላይ ከሁኔታዎቹ ዝርዝር ታች ከስተም ፎርሙላ ኢዝ የሚል አለ፤ ያው ነው።

ኢዝነምበር ለምን ገባ? ምንም ከፍሎ የማያውቅ ሰው ኤች ዓምዱ ባዶ ጥቅስ ነው፣ ጽሑፍ ማለት ነው። ጽሑፍ ደግሞ ከ60 ይበልጣል ብያችኋለሁ። ያለሱ ከዝርዝሩ በታች ያለው ሁሉ ቢጫ ይሆናል።

የዶላር ምልክቷ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። ኤክሴል ፎርሙላችሁን ለእያንዳንዱ ሴል እያንቀሳቀሰ ይጠይቃል። ዶላር ከኤች ፊት ካለች «የትም ሴል ላይ ሁን፣ የምታየው ኤች ዓምድን ነው» ማለት ነው። ከ2 ፊት ስለሌለች ረድፉ እየወረደ ይሄዳል። ዶላሯን ጨርሶ ከተዋችኋት ኤ ዓምድ ኤችን ሲያይ፣ ቢ ደግሞ አይ ዓምድን ያያል፣ ሲ ጄን። አንዳንዱ ሴል ይቀባል፣ አንዳንዱ አይቀባም። $ኤች$2 ብላችሁ ሁለት ካደረጋችሁ ደግሞ ሁሉም የመጀመሪያውን አባል ብቻ ያያል። አንድ ሰው ስላልከፈለ ሰፈሩ በሙሉ ባለዕዳ ይሆናል።

ኤክሴል እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ አለው። ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ሴል በማውስ ከነካችሁ በራሱ ሁለት ዶላር ያስገባል። ኪቦርዱ ላይ ያለውን ኤፍ4 ቁልፍ ደጋግማችሁ ስትጫኑ ዶላሮቹ ይቀያየራሉ። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ለማረም ብላችሁ ቀስት ብትጫኑ ሌላ ሴል ይጨምርባችኋል። መጀመሪያ የኪቦርዱን ኤፍ2 ቁልፍ ተጫኑ፣ ከዚያ ቀስቱ እንደ ሰው ይሄዳል።

በእኛ ኪቦርድ ለምንጽፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አማርኛው እንደበራ ኮማ ስትጫኑ ነጠላ ሰረዝ ይገባል። ኤክሴል «፣»ን አያውቃትም፣ ፎርሙላው ስህተት ነው ይላል። ጥቅሱም ቀጥ ያለችው መሆን አለባት እንጂ ጠማማዋ አትሠራም። ፎርሙላውን በእንግሊዝኛ ጨርሱት፤ የአማርኛ ቃል ካለው ብቻ ቀያይሩ።

ያው አካሄድ ለ90 ቀን ይደገማል፤ ቀለሙን ጠቆር አድርጉት። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። 95 ቀን ያለፈው ሰው ሁለቱንም ሕግ ያሟላል። ኤክሴል ሁለት ሕግ በአንድ ቀለም ሲጣሉ ከላይ ያለውን ነው የሚሰማው። ማኔጅ ሩልስ ውስጥ ገብታችሁ የ90ውን በቀስቷ ከላይ አድርጉት። ጀምሮ የማያውቀውንም ለይታችሁ ግራጫ ቀቡት፦

=ኤንድ($ቢ2<>"",$ኤፍ2="")

ሐጂ ያመጡት ሕግ

የቅሬው ገንዘብ ያዥ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። መዝገቡን መጀመሪያ ሳሳያቸው የ90 ቀኑ ደማቅ ቀይ ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ቀይ ምንድን ናት? ሰውየው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ የለም ሐጂ፤ ሦስት ወር አልከፈሉም።»

«እንግዲያ አጥፊለት። እናቱን ቀብሮ የከረመ ሰው ነው። አሁን ክፈል ይባላል?»

ልክ ናቸው። ቅሬ ባንክ አይደለም። ሐዘን ላይ ያለ፣ የታመመ፣ ሥራ የቆመበት ሰው አለ፤ እሱን ኮሚቴው ያልፈዋል። ነገር ግን ይሄን ኤክሴል አያውቅም። መንገር አለብን።

አይ ዓምድ ለኋላ ይቆየንና ጄ ዓምድን «ይታለፍ» በሉት። ኮሚቴው የወሰነለት ሰው ረድፍ ላይ «አዎ» ይጻፍ። ከዚያ በዚያው ሬንጅ ላይ አዲስ ሕግ ፍጠሩ፦

=$ጄ2="አዎ"

ቀለም አትስጡት። ኦኬ ብላችሁ ማኔጅ ሩልስ ውስጥ ከሁሉም በላይ አድርጉትና ስቶፕ ኢፍ ትሩ የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። ይሄ ከተሟላ ከታች ያሉትን ሕጎች አትይ ማለት ነው። ጉግል ሺትስ ላይ ይቺ ሳጥን የለችም። እዚያ ሕጉን ከላይ አድርጋችሁ ነጭ ጀርባና ጥቁር ጽሑፍ ስጡት።

ቀዩንም ትቼዋለሁ። አሁን ብርቱካን ነው። መዝገቡ ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል፣ ሰው በትከሻ በኩል ያያል። ጎረቤትን በቀይ አስምሮ ማስቀመጥ በኛ አገር ነገር ይሆናል። ለሱቅ ከሆነ ቀይ ተጠቀሙ፤ ስኳር አይቀየምም።

የፋርማሲ ሥራ ላላችሁ፣ የመድኃኒት ማብቂያ በፈረንጅ ስለሚታተም የቀኑ ጣጣ የላችሁም። ግን 6/2026 ብላችሁ ስትጽፉ ኤክሴል ጁን 1 አድርጎ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ኢኦመንዝ የሚባለው ፋንክሽን ወደ ወሩ መጨረሻ ይወስድላችኋል፤ ማብቂያው ዲ ዓምድ ላይ ካለ =ኢኦመንዝ($ዲ2,0)-ቱዴይ()<90 ብላችሁ ሦስት ወር ቀድማችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ውሳኔውን በቃል ጻፉት

መዝገቡን ለማተም ኮፒ ቤት ስትወስዱት በጥቁርና ነጭ ነው የሚያትሙላችሁ። ቢጫውም፣ ብርቱካኑም፣ ግራጫውም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ዓይን ያለው ሰውም አለ። የኮሚቴው አባላት ደግሞ ስልክ ላይ በቴሌግራም ከፍተው ነው የሚያዩት፤ በትንሿ ስክሪን ቀለሙ ምን ለማለት እንደፈለገ ማን ይነግራቸዋል?

ስለዚህ አይ ዓምድ ላይ «ሁኔታ» የሚል አስገቡ። አይ2 ላይ፦

=ኢፍ(ቢ2="","",ኢፍ(ጄ2="አዎ","ታልፏል",ኢፍ(ኤች2="","ያልጀመረ",ኢፍ(ኤች2>90,"ይጠየቅ",ኢፍ(ኤች2>60,"ይታወስ","ደህና")))))

ረጅም ትመስላለች እንጂ ከላይ የተነጋገርነውን በቅደም ተከተል ነው የምትለው። ስም ከሌለ ባዶ። ከታለፈ ታልፏል። ካልጀመረ ያልጀመረ። ከዚያ 90፣ ከዚያ 60፣ የቀረው ደህና።

ይቺ ዓምድ ካለች የቀለም ሕጎቹን ሁሉ ደምስሳችሁ በቀላሉ መጻፍ ትችላላችሁ። የቀድሞው ሬንጅ እስከ ኤች ነበር፤ አሁን ከኤ2 እስከ ጄ300 ምረጡና፦

=$አይ2="ይጠየቅ"

=$አይ2="ይታወስ"

=$አይ2="ያልጀመረ"

ሦስት ሕግ። ስቶፕ ኢፍ ትሩም ቀረ፣ ቅደም ተከተልም ቀረ፣ ኢዝነምበርም ቀረ። አንድ ረድፍ ሁለት ሁኔታ ሊኖረው አይችልም። ኮሚቴው ከ90 ወደ 120 ቀን ካራዘመው አንድ ቦታ ብቻ ትቀይራላችሁ። እኔ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ በዚህ ነው የምጀምረው። ውሳኔው በዓምድ ውስጥ በቃል ይቀመጥ፣ ቀለሙ ቃሉን ይከተል። ሕግ ተደብቆ ቀለም ብቻ የሚታይበት መዝገብ ከጸሐፊው ሌላ ማንም አይረዳውም።

ለመቁጠርም ይሄ ነው የሚያዋጣው። «ስንት ብርቱካን አለ?» የሚል ፎርሙላ የለም። ቃሉን ግን መቁጠር ይቻላል፤ =ካውንትኢፍ(አይ2:አይ300,"ይጠየቅ")። በዓይን ብቻ ለይቶ ማየት ለሚፈልግ ፊልተር አብርታችሁ ፊልተር ባይ ከለር በሉት፤ በሕግ የመጣውንም ቀለም ያጣራል።

ቃሉን ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። ቴክስት ዛት ኮንቴንስ የሚለው ሕግ ቃሉ በሌላ ቃል ውስጥ ቢገኝም ይበቃዋል። አንድ የዕቁብ ሰብሳቢ መዝገብ ላይ ያየሁት ነው፤ «ከፈለ» የሚል ያለበትን አረንጓዴ አድርግ ብለውታል። «አልከፈለም» ውስጥም «ከፈለ» አለ። ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ለምለም መስክ መስሏል። ኢኳል ቱ የሚለውን ተጠቀሙ።

ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው

ኤክሴል ዱፕሊኬት ቫልዩስ የሚል ሕግ አለው። የተደገመውን ይቀባል። ስም ላይ ግን አትመኑት። አንዱ ጸሐፊ መሐመድ ይላል፣ ሌላው መሀመድ፣ ሦስተኛው መሃመድ። ሠናይትና ሰናይት፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሐይ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኤክሴል የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ አይቀባቸውም። በተቃራኒው ደግሞ በወሎ መሐመድ አሊ የሚባል ሰው በአንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ቢገኝ ምን ይደንቃል? እነሱን ያለ ጥፋታቸው ይቀባቸዋል።

ሕጉን ስልክ ቁጥሩ ላይ ጣሉት። ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ቴክስት ፎርማት ቀይሩት፤ አለበለዚያ ከፊት ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። ሁሉም በአንድ ዓይነት ይጻፍ፤ አንዱ በ09፣ አንዱ በ+251 ከሆነ የስሙ ጣጣ ተመልሶ መጣ።

መዝገቡ ከድሮ የተወረሰ ከሆነ ሌላም ነገር ፈትሹ። ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የጥንት የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ስም ለዓይን አማርኛ ነው፣ ውስጡ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፎንቱን ወደ ኤሪያል ቀይሩት። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከወጣ፣ በአማርኛ ቃል የተጻፈ ሕግ ሁሉ እዚያ ላይ አይሠራም። ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መጻፍ ነው።

የቅሬው ዕቃ

የቅሬ ጸሐፊ ድንኳንና ብረት ድስትም ይቆጥራል። ዕቃው ለቀብር ቤት ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ማንኪያው ሁሌም ይጎድላል። ለዕቃው ለብቻው በተከፈተ ሺት፣ ሲ ላይ የወጣው፣ ዲ ላይ የተመለሰው ካለ አንድ ሕግ ይበቃል፦

=ኤንድ($ዲ2<>"",$ዲ2<$ሲ2)

ዲ ባዶ ከሆነ ገና አልተመለሰም ማለት ነው፣ አይቀባም። ተመልሶ ከጎደለ ይቀባል። ከዚህ በላይ አታወሳስቡት።

ስለ ዴታ ባርስ፣ ከለር ስኬልስ እና አይከን ሴትስ ብዙ አልልም። ያምራሉ። ከለር ስኬል የእህል ነጋዴ ደንበኛዬን ጠቅሞታል፤ የማሾ ዋጋ በባቲ፣ በከሚሴ፣ በሐይቅና በኮምቦልቻ ገበያ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ርካሹ ወዲያው ይታየዋል። ግን መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ምርጫ ትልቁን ቁጥር አረንጓዴ ያደርጋል። ለሻጭ ልክ ነው፤ ለገዥ ግልብጡን ምረጡ። አይከን ሴትስን ለቅሬ አልመክርም። ትራፊክ መብራት የሰው ስም አጠገብ ምን ይሠራል?

ቀለሙ ሲያብድ

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ቀለሙ እንግዳ ይሆናል። አንዱ ይቀባል፣ ከጎኑ ያለው በሁሉ ነገር እኩል ሆኖ አይቀባም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኮፒ ፔስት ነው። ረድፍ ቆርጣችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉ ሕጉም አብሮ ይሄዳል፣ ሬንጁም ይቆራረጣል።

ማኔጅ ሩልስ ክፈቱ። ከላይ ሾው ፎርማቲንግ ሩልስ ፎር የሚለውን ወደ ዚስ ወርክሺት ቀይሩት፤ አለበለዚያ የመረጣችሁትን ቦታ ሕግ ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ሦስት የነበረው ሕግ ሃያ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አፕላይስ ቱ የሚለው ቦታ ላይ የተበጣጠሰ ሬንጅ ይደረደራል። አንድ አንዱን ለመጠገን አትሞክሩ። ክሊር ሩልስ ብላችሁ ከሺቱ ሁሉንም አጥፉና ሦስቱን እንደገና ጻፉ። ቀለሙ ይጠፋል እንጂ ቁጥሩ አይነካም።

እንዳይደገም ስትለጥፉ ፔስት ቫልዩስ ተጠቀሙ። አዲስ አባል ሲመጣ ረድፍ ኮፒ ከማድረግ በ300ው ውስጥ ያለው ባዶ ረድፍ ላይ ጻፉት። ሕጉም ፎርሙላውም እዚያ እየጠበቀው ነው።

በእጅ የተቀባ ቀለምም ካለ አስቀድማችሁ አጥፉት፤ ሁሉንም መርጣችሁ ፊል ከለር ውስጥ ኖ ፊል በሉ። ያለበለዚያ ሕጉ ሲለቀው ከሥር የድሮው ቀይ ብቅ ይላል፣ ሐጂም «ምነው ሰውየው ከፍሎ የለ?» ይላሉ።

ሌላ ሁለተኛ ሺት ከፍታችሁ ቀለሞቹ ምን እንደሆኑ፣ 60 እና 90 ቀኑን ማን እንደወሰነ፣ ፎርሙላዎቹንም ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፎርሙላ ስትለጥፉ ከፊቱ ነጠላ ጥቅስ አድርጉበት፤ ያኔ አይሰላም፣ እንደ ጽሑፍ ይቀመጣል። ቀጣዩ ጸሐፊ ሲመረጥ ፋይሉን በፍላሽ ሰጥታችሁት ትገላገላላችሁ።